ከጣሪያው በላይ ያለው አየር ስንት ያወጣል?

ኒው ዮርክ ውስጥ ሲያዩት ግር የሚል አንድ ሕንፃ አለ። 59 ፎቅ ነው። የቆመው በአራት ግዙፍ እግሮች ላይ ነው። እግሮቹ ግን እንደ ጠረጴዛ እግር ጥግ ጥጉን አልያዙም፤ በየጎኑ መሀል ላይ ተተክለዋል። አራቱም ማዕዘኖች አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ለምን? ከአንደኛው ማዕዘን ሥር ቤተ ክርስቲያን ስላለ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሲቲኮርፕ የተባለው ባንክ ዋና መሥሪያ ቤቱን ለመሥራት ቦታውን ሲፈልግ የቅዱስ ጴጥሮስ ሉተራን ቤተ ክርስቲያን እዚያ ጥግ ላይ ነበረች። ምዕመናኑ ለመሸጥ ተስማሙ፤ ሁለት ነገር ግን በውሉ አስገቡ። አንደኛ፣ እዚያው ጥግ ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ይሠራላቸዋል። ሁለተኛ፣ የፎቁ ምሰሶ በቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ አያልፍም። መሐንዲሱ እግሮቹን ወደ መሀል ገፋቸው። ሕንፃው በ1977 አለቀ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገር ካነሳን አይቀር፣ ሕንፃው ከማዕዘን በኩል ለሚመጣ ኃይለኛ ንፋስ በቂ ጥንካሬ እንደሌለው በ1978 ተደረሰበት። ሠራተኛው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ሌሊት ሌሊት እየተበየደ ተጠናከረ። ሕዝቡ ይህን የሰማው ከ17 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

አሮጌዋ ቤተ ክርስቲያን ግን ፈርሳለች። ምዕመናኑ አሉ፣ ቦታውም አለ፣ የድሮው ሕንፃ የለም። “ቅርሱ ይጠበቅ” ሲባል ብዙ ሰው እነዚህን ሦስቱን አንድ አድርጎ ያስባል። ሕንፃው፣ ቦታውና የሚጸልዩበት ሰዎች ግን ለየብቻ ሊተርፉ፣ ለየብቻም ሊጠፉ ይችላሉ። መሀል ከተማ ያሉ አሮጌ ቤተ እምነቶች ይፍረሱ አይፍረሱ የሚለው ክርክር ግማሹ የሚነሳው ከዚህ ነው።

አልሚው ምን ያያል?

እኔና እናንተ መሀል ከተማ ያለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም ምኩራብ ስናይ ድንጋዩን፣ ጉልላቱን፣ መስኮቱን እናያለን። አልሚው ሒሳብ ያያል። ሒሳቡ ከባድ አይደለም።

የከተማ ፕላን በእያንዳንዱ መሬት ላይ ምን ያህል መገንባት እንደሚፈቀድ ይወስናል። ብዙ ከተሞች ይህን የሚለኩት ጠቅላላ የወለሉን ስፋት ለመሬቱ ስፋት በማካፈል ነው። ቁጥሩ 10 ነው እንበል። መሬቱ 1,000 ካሬ ሜትር ከሆነ፣ ፎቅ በፎቅ ተደምሮ 10,000 ካሬ ሜትር ወለል መሥራት ይቻላል። አሁን እዚያ ላይ ያለው ቤተ እምነት 1,500 ካሬ ብቻ ቢሆንስ? 8,500 ካሬ ማንም ያልነካው መብት ጣሪያው ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ዋጋው የሚሰላው በዚህ ባዶ አየር ነው። ሰፈሩ በተወደደ ቁጥር አየሩም ይወደዳል። ሕንፃው ግን ያው ነው፤ እንዲያውም በየዓመቱ ያረጃል።

ሌላም የሚመቸው ነገር አለ። ባለቤቱ አንድ ነው። ካሳ የሚጠይቅ ሃምሳ ተከራይ የለም። ግቢው ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው፤ ድሮ ሲመረጥም ጥሩ ቦታ ተመርጦ ስለሆነ መንገድ ዳር ወይም አደባባይ ላይ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ፊርማ የሚያገኝ አልሚ ለምን ሌላ ጋ ይሄዳል?

ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ ስግብግብ አልሚ እና ምስኪን ምዕመን ይሳላሉ። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። መፍረሱን የሚፈልገው ራሱ ባለቤቱ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የፈረንሳይዋ ሊል ከተማ ውስጥ የነበረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ጸሎት በ2021 ፈረሰ። ቦታው የተፈለገው ለዩኒቨርሲቲ ግቢ ማስፋፊያ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የካቶሊክ ነው።

ባለቤቱን ቶሎ አትኮንኑት። ድሮ ስምንት መቶ ሰው ይይዝ የነበረ አዳራሽ ውስጥ ዛሬ ሠላሳ ሰው ቢሰበሰብ፣ ያ ሠላሳ ሰው የስምንት መቶ ሰው ጣሪያ ያድሳል ማለት ነው። ድንጋይ የሚጠርብ ባለሙያ ውድ ነው፤ ባለቀለም መስታወት የሚያድስ ደግሞ በቀላሉ አይገኝም። በዚህ መሀል አንድ ሰው መጥቶ አየራችሁን ልግዛ ቢል መስማታቸው አይፈረድባቸውም።

በቅርስነት መመዝገብ ምን ያደርጋል?

የመጀመሪያው መሣሪያ ምዝገባ ነው። ሕንፃው በቅርስ መዝገብ ከገባ ባለቤቱ እንደፈለገ ማፍረስ ወይም መለወጥ አይችልም፤ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። የኒው ዮርክ የቅርስ ሕግ የወጣው በ1965 ነው። ለዚህ ያበቃው አንዱ ነገር እዚያው ከተማ የነበረው የፔንስልቬኒያ ባቡር ጣቢያ መፍረስ ነበር። ያን የመሰለ ሕንፃ ከ1963 ጀምሮ ሲፈርስ ከተማው ቆሞ ከማየት በቀር የሚያስቆምበት ሕግ አልነበረውም።

ምዝገባ ግን ከአገር አገር ትርጉሙ ይለያያል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ አንድ ሕንፃ አንደኛ ደረጃ ቅርስ ተብሎ ሊመደብ ይችላል፤ ደረጃው ብቻውን ግን በሕግ ከመፍረስ አያድነውም። የሚያድነው በሕግ የታወጀ ሐውልት ሲሆን ነው። በር ላይ የተለጠፈች ሰሌዳ ብዙ ጊዜ ከሰሌዳነት አታልፍም። ስለዚህ “ተመዝግቧል ወይ?” ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። “በየትኛው ሕግ፣ በየትኛው ደረጃ፣ ምን ተከለከለ?” ማለት ያስፈልጋል።

ውስጡና ውጪውም አንድ አይደሉም። ኒው ዮርክ ሕዝብ የሚገባባቸውን የታሪካዊ ሕንፃዎች የውስጥ ክፍል ሳይቀር መመዝገብ ይችላል። አምልኮ የሚካሄድበትን የውስጥ ክፍል ግን ሕጉ ራሱ ነጻ አድርጎታል። ማለትም ከተማው ግድግዳውን ከውጭ ይጠብቃል፤ መንበሩን፣ ሥዕሉን፣ አግዳሚውን አይነካም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መንግሥት ሰዎች እንዴት እንደሚጸልዩ እንዳይወስን ነው። ውጤቱ ግን አንዳንዴ ያሳዝናል። ውጪው እንደ ሐውልት ተጠብቆ ውስጡ ባዶ መጋዘን ሊሆን ይችላል።

እንግሊዝ ሌላ መንገድ መርጣለች። የአምልኮ ቤቶች እዚያ የቅርሱ ትልቅ ድርሻ ናቸው፤ ከፍተኛውን ደረጃ ካገኙት ሕንፃዎች ግማሽ ያህሉ እነሱ ናቸው። ሆኖም የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንና ጥቂት ሌሎች ቤተ እምነቶች ከመንግሥት የቅርስ ፈቃድ ነጻ ናቸው። የራሳቸው የፈቃድ ሥርዓት አላቸው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን እንዲያውም የራሷ ፍርድ ቤት አላት፤ አግዳሚ ወንበር ይነሳ አይነሳ በሚል ዳኛ ፊት የሚቆሙበት ጊዜ አለ። አዲስ ፎቅ ለመሥራት ግን እነሱም እንደማንኛውም ሰው የግንባታ ፈቃድ ይጠይቃሉ። እኔ ይህን ሥርዓት በከፊል እወደዋለሁ። ውሳኔው ሕንፃውን በሚያውቁ ሰዎች እጅ ነው። ችግሩ ባለቤቱና ጠባቂው አንድ ቤት ውስጥ መኖራቸው ነው።

ፍርድ ቤት ምን አለ?

ይህ ክርክር በግልጽ የወጣው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም እዚያ ሁለት ትልልቅ መብቶች ፊት ለፊት ይጋጫሉ። አንዱ የንብረት መብት ነው። ሌላው የሃይማኖት ነጻነት ነው።

የንብረቱ ጥያቄ የተፈታው በባቡር ጣቢያ ነው። የኒው ዮርኩ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ባለቤት የነበረው ኩባንያ ከጣቢያው በላይ ትልቅ ፎቅ ለመሥራት ጠየቀ፤ ከተማው ከለከለ። ኩባንያው ንብረቴን ያለ ካሳ ወሰዳችሁ ብሎ ከሰሰ። በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 ለከተማው ፈረደ። ጣቢያው አሁንም እንደ ጣቢያ ገቢ ያገኛል፤ ከጣሪያው በላይ ያለውን ያልተገነባ መብት ደግሞ ወደ ሌላ መሬት ማዛወር ይችላል የሚል ነበር ከምክንያቶቹ አንዱ። ይህቺን የማዛወር ነገር ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

የሃይማኖቱ ጥያቄ የመጣው ከጥቂት ጎዳና ወዲያ ካለው ከቅዱስ በርተሎሜዎስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አመራሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ያለውን የማኅበር ቤት አፍርሶ 59 ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ለማቆም ፈለገ። ኪራዩ ለበጎ አድራጎትና ለጥገና ይውላል ተባለ። የቅርስ ኮሚሽኑ እምቢ አለ። ወደ 47 ፎቅ ዝቅ አድርገው መጡ፤ አሁንም እምቢ። ምዕመናኑ ራሳቸው ለሁለት ተከፍለው ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1990 ይግባኝ ሰሚው ለከተማው ፈረደ። የቅርስ ሕጉ ሃይማኖትን ነጥሎ የሚመታ አይደለም፣ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ነው አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ማምለክም በጎ ሥራ መሥራትም አልተከለከለም፤ የተከለከለው ፎቅ መሥራት ነው።

ሁሉም ግን በዚህ አልተስማማም። የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1992 ተቃራኒውን ፈረደ፤ የሲያትል ከተማ አንድን ቤተ ክርስቲያን ያለ ፈቃዱ በቅርስነት መመዝገቡ የሃይማኖት ነጻነትን ይነካል አለ። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ1994 ሕግ አወጣች። የሃይማኖት ድርጅት ለንግድ ያላዋለው ሕንፃው ሊመዘገብበት ሲል ከባድ ጉዳት ይደርስብኛል ብሎ መውጣት ይችላል። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2000 ሕጉን አጸና። ስለዚህ አንድ ዓይነት ሕንፃ፣ አንድ ዓይነት ምዕመን፣ አንድ ዓይነት አልሚ ሆነው፣ ድንበር ስትሻገሩ መልሱ ይገለበጣል።

ደግሞ ፎቅ የማይፈልጉም አሉ። ቴክሳስ ውስጥ ቦርኒ በምትባል ትንሽ ከተማ የምዕመኑ ቁጥር ስለጨመረ ቤተ ክርስቲያናችንን እናስፋ አሉ። ሰፈሩ ታሪካዊ ነው ተብሎ ተከለከሉ። ያ ክስ በ1997 እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ የአገሪቱን አንድ ትልቅ የሃይማኖት ነጻነት ሕግ ለግዛቶችና ለከተሞች እንዳይሠራ አደረገው። ጥበቃ የሚጫነው ባዶ በቀሩት ላይ ብቻ አይደለም፤ ሞልቶ በፈሰሰውም ላይ ነው።

ያላፈረሱት ሕንፃ እንዴት ይፈርሳል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ሕግ “አታፍርስ” ማለት ይችላል። “አድስ” ብሎ ማዘዝም ይሞክራል። ገንዘብ ግን አይፈጥርም።

የድንጋይ ሕንፃ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ከአሸንዳው ነው። አሸንዳው በቅጠል ይደፈናል። ውሃው መውረጃ ሲያጣ ወደ ግድግዳው ይገባል። ድንጋዩን የያዘው ኖራ እየታጠበ ይወጣል። ውሃው የጣሪያው ተሸካሚ እንጨት ጫፍ ጋ ይደርስና ያበሰብሰዋል፤ ያ ጫፍ ግድግዳ ውስጥ ስለተቀበረ ማንም አያየውም። አንድ ቀን ከላይ ቁራጭ ድንጋይ መንገድ ላይ ይወድቃል። ከተማው ለአላፊ አግዳሚው ይሰጋና መከለያ አቁሙ ይላል። መከለያው የጊዜያዊ ነው ተብሎ ይቆምና ዓመታት ይቆጥራል። ሰው ይሸሻል፤ መዋጮ ይቀንሳል። ከዚያ መሐንዲስ ይመጣና ከማደስ ማፍረስ ይሻላል የሚል ወረቀት ይጽፋል። ወረቀቱ እውነት ነው። ያበሳጨኝም እሱ ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት አንድ ሰው መሰላል ይዞ ቅጠሉን ቢያወጣ ኖሮ ያ ወረቀት አይጻፍም ነበር።

የፈረንሳይዋ አቤቪል ከተማ ውስጥ የነበረው የቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን የሄደው በዚህ መንገድ ነው። የተሠራው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ለአሥርት ዓመታት ጥገና ተነፍጎት በ2013 ፈረሰ። የሚገርመው፣ በፈረንሳይ መንግሥትንና ቤተ ክርስቲያንን ከለየው የ1905 ሕግ በፊት የተሠሩ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኖች ባለቤት በአብዛኛው ማዘጋጃ ቤቱ ነው። ባለቤቱ መንግሥት ሲሆንም አሸንዳው ያው አሸንዳ ነው።

ይህን ስለሚያውቁ ብዙ የቅርስ ሕጎች የችግር በር የሚባል ነገር አላቸው። ባለቤቱ በዚህ ሕንፃ መኖር አልቻልኩም ብሎ ማስረጃ አቅርቦ ካሳመነ እንዲያፈርስ ሊፈቀድለት ይችላል። ኒው ዮርክ ውስጥ ለንግድ ባለንብረት መለኪያው ትርፍ ነው፤ ሕንፃው በዓመት ከተገመተው ዋጋ 6 በመቶ የተጣራ ገቢ ማምጣት ይችላል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ለቤተ እምነት ይህ አይሠራም፤ ድሮውንም ለትርፍ አልተሠራም። ስለዚህ ጥያቄው፣ ሕንፃው የቆመለትን ዓላማ እንዳይፈጽም ያግደዋል ወይ የሚል ይሆናል።

ከዚያው ከተማ አንድ ምሳሌ ላንሳ። ዌስት ፓርክ የሚባል ቀይ ድንጋይ የለበሰ የፕሪስባይቴሪያን ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። የሰፈሩ ሰው ታግሎ በ2010 አስመዘገበው። ምዕመናኑ ግን አልፈለጉም ነበር። ቁጥራቸው አሥር አሥራ ሁለት ሰው ገደማ እስኪደርስ ተመናመነ። በ2022 የችግሩን በር አንኳኩ፦ ይፍረስ፣ ቦታው ላይ አፓርታማ ይሠራ፣ ለእኛም ከውስጡ የአምልኮ ክፍል ይሰጠን አሉ። ሰፈሩ ተነሳ፤ ታዋቂ ተዋንያን ሳይቀሩ ይትረፍ ብለው ወጡ። ምዕመናኑ በ2024 መጀመሪያ ጥያቄያቸውን መልሰው ወሰዱ፤ ሕንፃውም ያኔ ሳይፈርስ ቀረ። የጥገናው ሒሳብ ግን አብሮ አልሄደም። ሰፈርተኛው ሕንፃውን እወደዋለሁ ይላል፤ ምዕመኑ እኔ እከፍልበታለሁ ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ግጭቱ የሚከርረው ለዚህ ነው።

አየሩን መሸጥ

ያቺን የማዛወር ነገር አሁን እንፍታት። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ቤተ እምነቱ ጣሪያው ላይ ያለውን ያልተጠቀመበትን የግንባታ መብት ይሸጣል፣ ሕንፃውን ግን አይነካም። ገዢው ያንን መብት ወስዶ ሌላ ቦታ ላይ ከተፈቀደለት በላይ ይሠራበታል። ቅድም ባየነው ሒሳብ ያ 8,500 ካሬ ሌላ ጣሪያ ላይ ይቀመጣል። ቤተ እምነቱ ገንዘቡን ለጥገና ያውለዋል፤ በራሱ ቦታ ላይ ግን ዳግመኛ ፎቅ መሥራት አይችልም፤ መብቱ ሄዷል።

ወረቀት ላይ ያምራል። ችግሩ፣ የሚገዛው ማን ነው? ለረጅም ጊዜ የኒው ዮርክ ሕግ በአብዛኛው አየሩ ወደ አጎራባች ወይም ከመንገድ ማዶ ወዳለ መሬት ብቻ እንዲሄድ ነበር የሚፈቅደው። ጎረቤትህ ሁሉ ሠርቶ ከጨረሰ አየርህን የሚገዛ የለም። በ2017 ከተማው ምሥራቅ ሚድታውን በሚባለው አካባቢ ደንቡን ለወጠ። ታሪካዊ ሕንፃዎች አየራቸውን አካባቢው ውስጥ ወዳለ ሩቅ መሬት ጭምር እንዲሸጡ ተፈቀደ፤ ከሽያጩ ድርሻ ደግሞ ለመንገድና ለአደባባይ ማሻሻያ ይሄዳል። ከሸጡት መሀል ማን አለ? ቅዱስ በርተሎሜዎስ። በ1980ዎቹ ፎቅ እንዳይሠራ የተከለከለው ቤተ ክርስቲያን አየሩን አቅራቢያው ትልቅ ሕንፃ ላሠራ ባንክ ሸጠ። ያኔ ያን ሁሉ ዓመት ከመካሰስ ይህ መንገድ ክፍት ቢሆን ኖሮ ብዬ አስባለሁ።

ነጻ ምሳ ግን አይደለም። አየሩ የሆነ ቦታ ማረፉ አይቀርም። ያረፈበት ሰፈር ፎቁንም ጥላውንም ይቀበላል። መንገዱ የሚሠራውም መሬት በጣም ውድ በሆነበትና ፕላኑ በጥብቅ በሚከበርበት ከተማ ነው። ማንም በእጅ አዙር ከፕላን በላይ መሥራት ከቻለ አየር ማን ይገዛል? ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ሌላው መንገድ ከመሸጥ ማከራየት ነው። ቶኪዮ ውስጥ ካጉራዛካ ሰፈር ያለው አካጊ የሺንቶ ቤተ መቅደስ ገቢው ቀንሶበት ነበር። ከመሬቱ ከፊሉን ለአንድ ትልቅ የሪል ስቴት ኩባንያ ለ70 ዓመት አከራየ። አፓርታማ ተሠራበት፤ ቤተ መቅደሱም በ2010 እንደ አዲስ ተገነባ። ኪራዩ ሲያልቅ መሬቱ ይመለሳል። አሮጌው ሕንፃ ስላልተረፈ ለቅርስ ወዳጅ ጥሩ ምሳሌ ላይሆን ይችላል። ለመሬቱ ግን ጥሩ ምሳሌ ነው፤ የሸጠ ሰው የልጅ ልጁ የሚደራደርበት ነገር አይኖረውም።

አደጋው ከአጥር ማዶ ሲመጣ

እስካሁን ያወራነው ስለራሱ ስለ ሕንፃው ነው። አንድም ድንጋይ ሳይነካ የሚጎዳበት መንገድም አለ።

ለንደን ውስጥ ቤቪስ ማርክስ የሚባል ምኩራብ አለ። የተከፈተው በ1701 ነው፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ አምልኮ አልተቋረጠበትም። በከፍተኛው ደረጃ የተመዘገበ ስለሆነ ማንም አያፈርሰውም። ጎኑ ግን 48 ፎቅ ሊሠራ ታቀደ። ምኩራቡ ዛሬም በአብዛኛው የሚበራው ከትልልቅ መስኮቶቹ በሚገባ ብርሃንና በሻማ ነው። ፎቁ ብርሃኑን ይጋርደዋል ብለው ተከራከሩ። በ2021 ፎቁ ተከለከለ። አልሚው ዝቅ ያለ ንድፍ ይዞ ተመለሰ። በዚህኛው ዙር ጨረቃም ገባችበት፤ ምዕመናኑ ከግቢው ሆነው አዲስ ጨረቃ እያዩ የሚያደርሱት ጸሎት አላቸው፣ ፎቁ ያቺን ሰማይ ይይዝባቸዋል። በ2024 መጨረሻ እሱም ተከለከለ። ከቅርስ ሕግ አንጻር ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተጠበቀው ድንጋይ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚደረገው ነገር ጭምር ነው።

እዚያው ለንደን በ1930ዎቹ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልን እይታ አዳዲስ ሕንፃዎች መጋረድ ሲጀምሩ፣ የካቴድራሉ መሐንዲስ ጎድፍሬይ አለን በዙሪያው ያለውን ሰፈር በካሬ ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ላይ ምን ያህል ከፍታ እንደሚፈቀድ አወጣ። ያ ስሌት ዛሬም በከተማው ደንብ ውስጥ ይሠራል። የጀርመኑ ኮሎኝ ካቴድራል ደግሞ ከወንዙ ማዶ ረጃጅም ፎቆች ሊሠሩ ስለታቀደ ብቻ በ2004 ዩኔስኮ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ከፍታው ሲቀነስ በ2006 ወጣ።

ከብርሃንና ከእይታ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ቁፋሮ ነው። የድሮ ሕንፃ መሠረት ጥልቅ አይደለም። አጠገቡ ለአራት ፎቅ ምድር ቤት ሲቆፈር አፈሩ ወደ ጉድጓዱ መንሸራተት ይፈልጋል። ጉድጓዱ እንዳይሞላ ውሃ ሲሳብ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ይወርድና አፈሩ ይጨመቃል። እዚያው ኮሎኝ፣ በዚያው 2004፣ በምድር ውስጥ ባቡር ሥራ ምክንያት የቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ቤተ ክርስቲያን ግንብ 77 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘመመ። እግዜር ይስጣቸው፣ ወዲያው ደግፈው በኋላ አቀኑት።

ስለዚህ አጠገባችሁ ቁፋሮ ሊጀመር ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚደረግ ነገር አለ። እያንዳንዱ ስንጥቅ ፎቶ ይነሳል፤ ቀኑና መለኪያው ይጻፋል። ስንጥቁ ላይ መስፋቱን የሚያሳይ መለኪያ ይለጠፋል። ንዝረት የሚቆጥር መሣሪያ ይገጠማል። ከዚህ ቁጥር በላይ ከሄደ ማሽኑ ይቁም የሚል ነገር በፈቃዱ ላይ ይጻፋል። ይህ ሁሉ ሳይደረግ በኋላ “ግድግዳችን ተሰነጠቀ” ብትሉ ኮንትራክተሩ “ድሮም ነበር” ይላችኋል። ማስረጃ ከሌላችሁ አለቀ።

ሕንፃውን ማንሳትስ?

ይቻላል። በ1980ዎቹ የሩማንያው መሪ ቻውሼስኩ ቡካሬስትን እያፈረሰ በአዲስ ሲሠራ ዩጄኒዩ ዮርዳኬስኩ የተባለ መሐንዲስ ቤተ ክርስቲያኖችን ሥር ሥራቸውን ቆርጦ፣ በኮንክሪት ሰሌዳ ላይ አሳርፎ፣ በክሪክ አንስቶ፣ በሐዲድ ላይ እየገፋ አሸሸ። አንዱ የሚሃይ ቮዳ ቤተ ክርስቲያን በ1985 ከ280 ሜትር በላይ ተጓዘ። ደርዘን ያህል ተረፉ፤ ብዙዎች ግን ፈርሰዋል። የተረፉትን ዛሬ ለማየት በአፓርታማዎች መሀል መግባት ይጠይቃል፤ ከመንገድ እንዳይታዩ ከኋላ ተደብቀዋል። ሕንፃው አለ፣ ቦታው የለም። መጀመሪያ ያየነው የኒው ዮርኩ ቅዱስ ጴጥሮስ ተቃራኒ ነው።

አገልግሎት መቀየርም ሌላ መውጫ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ማስትሪክት ከተማ ያለው የ13ኛው ክፍለ ዘመን የዶሚኒካን ቤተ ክርስቲያን ዛሬ መጽሐፍ ቤት ነው፤ መደርደሪያው በአረብ ብረት ተሠርቶ ግድግዳውን ሳይነካ ስለቆመ ነገ ማንሳት ይቻላል። ፊቱን ብቻ አስቀርቶ ከኋላው ፎቅ መትከል የሚባለው መፍትሔ ግን ለእኔ አይዋጥልኝም። ሰውዬው ሄዶ ኮቱ ተሰቅሎ እንደመቅረት ነው።

በእናንተ ሰፈር ከሆነስ?

መጀመሪያ ወደ ጋዜጠኛ አትሩጡ፤ ወደ ምዕመናኑ ሂዱ። የሰፈር ዘመቻ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ስለ ራሱ ቤት ከሰልፍ መፈክር ሲሰማ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያናግራችሁ ጠበቃው ብቻ ይሆናል።

ውሳኔ የሚሰጠው ማን እንደሆነም እወቁ። በአንዳንዱ እምነት ሕንፃው የአጥቢያው ነው። በሌላው የማዕከሉ ነው፤ አጥቢያው አይሸጥም እያለ ከላይ ሊሸጥ ይችላል። የይዞታ ካርታው ላይ የማን ስም እንዳለ ማየት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የሦስት ወር ጭቅጭቅ ያስቀራል። ፕላኑንም እዩት። ለዚያ መሬት የተፈቀደው ከፍታ ስንት ነው? ፕላኑ የሚከለስበት ጊዜ ደርሷል? ከፍታ የሚቀየረው ፎቁ ሲታሰብ ሳይሆን ከዚያ ዓመታት በፊት፣ ሦስት ሰው በተገኘበት ስብሰባ ላይ ነው። ያን ቀን አራተኛ ሰው ሆኖ መገኘት በኋላ ሺህ ፊርማ ከማሰባሰብ ይበልጣል።

ምዕመናኑ ሊያናግሯችሁ ከፈቀዱ ስለ ታሪክ አትጀምሩ፤ ታሪኩን ከእናንተ በላይ ያውቁታል። ጣሪያውን የሚያውቀውን ሰው ጠይቁ። ውሃ የሚገባው በየት በኩል ነው? መጨረሻ የተጠገነው መቼ ነው? ስንት ተጠየቀበት፣ ስንቱስ ጎደለ? ከቻላችሁ አብራችሁት ወደ ላይ ውጡ። አሸንዳውንም እዩት።